አባ ሳሙኤልን ለልጆች ማስተማር

አራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ቤታችሁ የሚበራው መብራት ከየት ነው የሚመጣው?» «ከቆጣሪው!» ይሉኛል። ውሃውስ? «ከቧንቧ»፤ ቧንቧው ሲደርቅ ደግሞ «ከሮቶው»። «አምፖል አጥፉ፣ ቧንቧ ዝጉ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። እኔ ግን ልጅ የማያውቀውን ነገር ከልቡ ይቆጥባል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ታሪኩን አስቀድማለሁ።

የምጀምረው ከማገዶ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የእንጦጦና የአካባቢው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። እንጨት ከሩቅ መጫን ግድ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ሊያዛውሩ አስበው በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከቦታዋ ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የአዲስ ዓለሙ ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ የእንጀራ ምጣድ ከተማ ሊያስለቅቅ ይችላል ብለው አስበው አያውቁማ! ባሕር ዛፉም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ጭራሮና ቅጠሉን በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶች ድካምም የዚሁ ዋጋ አካል ነው።

ከዚያ አባ ሳሙኤል ይከተላል። ከአቃቂ በታች ያለው ይህ ግድብ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ሜጋ ዋት ለልጅ ምኑም አይደለም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ እጽፍላቸዋለሁ፦ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ 6.6 ሜጋ ዋት ማለት 6,600 ኪሎ ዋት ነው፤ 6,600ን ለ3 አካፍሉ። 2,200 ይወጣል። ያ ሁሉ ግድብ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 2,200 ምጣድ ብቻ ነው ማለት ነው። እናታቸው እንጀራ ስትጋግር ቆጣሪው ለምን እንደሚሮጥ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ግድቡን የሚሞሉት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ናቸው፤ ከተማዋን አቋርጠው የሚወርዱ ወንዞች። የልብስ እጥበቱ አረፋ፣ የፋብሪካው ዝቃጭ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ፣ ፌስታሉ ሁሉ ተያይዞ ወደዚያ ይወርዳል። ማመንጫው ደለል እየሞላበት፣ ጥገናም አጥቶ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ነበር፤ በቻይና ድጋፍ ታድሶ ዳግም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከግድቡ ጀርባ የተጠራቀመውን ሐይቅ ግን እምቦጭ ወሮታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ በአቃቂ ወንዝ ዳር በዚያው ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይገባል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እኛም እንበላዋለን?» ይላሉ። አዎ፣ እንበላዋለን።

የምንጠጣው ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል፤ ይህን በካርታ አሳያቸዋለሁ።

ወላጆች ሆይ፣ የቀረውን እናንተ አግዙን። በሰፈራችሁ የሚያልፈውን ወንዝ ከነስሙ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ቀበናም ይሁን ቀጨኔ፣ ባንተ ይቀጡም ይሁን ቡልቡላ፣ መውረጃው አቃቂ፣ መድረሻውም አባ ሳሙኤል ነው።