ሺህ ዋት የተጻፈበት ካርቶን

በቀደም አንድ ወዳጄ ቤቴ መጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጎን ያለችውን ትንሽ ዕቃ አየና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ቻርጀር ናት?» አለኝ። አምፕሊፋየር መሆኗን ስነግረው ሳቀ። አልፈርድበትም። እኛ ዘንድ አምፕሊፋየር ማለት ለመሸከም ረዳት የሚያስፈልገው፣ ፊቱ ላይ መብራት የሚጨፍርበት፣ ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ በቀይ የተጻፈበት ነገር ነዋ! የኔዋ ከኪስ መዝገበ ቃላት አትበልጥም። ዋጋዋም ከአንድ ጥንድ ጫማ ብዙ አይርቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዱሮው አምፕሊፋየሬ ተቃጠለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ወንድሜ፣ የዚህ መለዋወጫ አይገኝም» ብሎ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ስፒከሮቹ ግን ደህና ናቸው። «ገንዘብ ልሰብስብና ደህናውን እገዛለሁ» አልኩ። ደህና ማለት ውድ ማለት ነው መቼም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ሄደ። ስፒከሮቹ የአበባ ማስቀመጫ ሆኑ። የእማዬ ካሴቶችም ሳጥን ገቡ።

ለመሆኑ ደህና ነገር ሁሉ ውድ ነው ያለን ማነው? የአምፕሊፋየር ታሪክ የሚለው ሌላ ነው።

አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 «ኦዲዮን» የተባለውን ቫልቭ ሠራ። እንዴት እንደሚሠራ እሱ ራሱ በቅጡ አልገባውም ነበር። ቆይቶ ግን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በዚህ ቫልቭ ሊጎላ እንደሚችል ታወቀ። ችግሩ ሲጎላ መበላሸቱ ነው። መፍትሔው የመጣው በጀልባ ላይ ነው። ኦገስት 2 ቀን 1927 የቤል ላብራቶሪው መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ ወደ ሥራ ሊሄድ የሃድሰንን ወንዝ ሲያቋርጥ አንድ ሐሳብ መጣለትና በእጁ በያዘው የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ንድፉን ጫረው። ከወጣው ድምፅ ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ፣ መሣሪያው ስህተቱን ራሱ እንዲያርም። ከጉልበቱ ቀንሶ ጥራት መግዛት ማለት ነው። ጉልበት የሚቀንስ ማጉያ ማን ያምናል? ፓተንቱን ያገኘው በ1937 ነው።

ይህ ሐሳብ ነው በኋላ ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው። በ1947 ዊሊያምሰን የተባለ መሐንዲስ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለ የእንግሊዝ መጽሔት የ15 ዋት አምፕሊፋየር ንድፍ አወጣ። መበየድ የሚችል ሁሉ ጓዳው ሆኖ ሠራው። በ1959 ደግሞ ዳይናኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ስቴሪዮ 70» የሚባለውን በአንድ ጎን 35 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር፣ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው በትኖ መቶ ዶላር ገደማ ሸጠ። በ1978 የመጣው «ናድ 3020» ፊቱ ላይ ምንም ጌጥ የለውም፤ ወረቀቱም 20 ዋት ብቻ ነው የሚለው። ከእሱ እጥፍ ዋጋ ካላቸው ጋር እየተወዳደረ ስም ያተረፈ ግን እሱ ነው።

ታዲያ ሺህ ዋቱ ከየት መጣ? ከገበያ ነዋ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ሻጮች ቁጥር መጫረት ጀመሩ። ዕቃው ለቅጽበት ብልጭ የሚያደርገውን ጉልበት እንደ ዘወትር ጉልበቱ ጻፉት። በ1974 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ አወጣ፤ ማስታወቂያው ሳይቋረጥ የሚወጣውን ኃይል ይናገር አለ። ደንቡ በ2024 እንደገና ተሻሽሏል። ግን የአሜሪካ ደንብ የኛን ካርቶን አይገዛም። እኛ ጋ «ፒኤምፒኦ» የሚባል ነገር ከቁጥሩ ጎን በትንሹ ይጻፍና ያልፋል። ለካ ትልቁ ቁጥር የቅጽበቱ ነው!

ማጣራቱ ቀላል ነው። ዕቃውን አዙራችሁ ከጀርባው ከግድግዳ ስንት ዋት እንደሚወስድ አንብቡ። 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ 1000 ዋት ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ከአንድ ስኒ አንድ ጀበና አይቀዳም። ደግሞም ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው። ለጆሯችን እጥፍ እንዲመስል ዋቱ አሥር ጊዜ ማደግ አለበት። ሳሎን ውስጥ እያወራን ለምናዳምጠው ዘፈን ጥቂት ዋት ይበቃል።

የኔዋ ትንሽነትም ምሥጢር የለውም። የድሮዎቹ ከሚወስዱት ኃይል ብዙውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጡት ከባድ ብረት ይሸከማሉ። «ክላስ ዲ» የሚባሉት አዲሶቹ ግን ትራንዚስተሩን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ ያበሩታል፣ ያጠፉታል፤ ሙቀታቸው ትንሽ ነው። ከ2005 ገደማ ጀምሮ «ቲ አምፕ» የተባለች የፕላስቲክ ዕቃ ከ40 ዶላር ባነሰ ዋጋ አድማጮችን አስገርማለች። ቺፗን የሚሠራው ትራይፓዝ በ2007 ከሰረ፤ መንገዱን ግን ሌሎች ቀጠሉበት።

ገዝቼ ሞከርኳት። መጀመሪያ ከስፒከሮቹ «እዝዝ» የሚል ድምፅ ወጣ። አብሯት የመጣው አዳፕተር ነበር ጥፋተኛው። የአሮጌ ላፕቶፕ አዳፕተር፣ ቮልቱ እንደሚስማማት አይቼ፣ ስቀይርላት ዝም አለች። ከዚያ ካሴት ከተትኩ። የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል! ያለ ወገንተኝነት ልናገርና፣ ድምፁን እንደ ሠርግ ቤት ሞንታርቦ ሳንጋጋው ባሱ ተንኮታኮተ። ለድንኳን አትሆንም። ለሳሎን ግን ምንም አይወጣላት።

እማዬን ጠራኋት። ወንበሯን ወደ ስፒከሩ አስጠግታ ጥቂት አዳመጠችና «ጨምረው እስቲ» አለችኝ። ጨመርኩ። «ክራር ነበረው እኮ ይሄ ዘፈን፤ አወጡት እንዴ?» አለች።

ክራሩ አለ። እኔ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የእማዬ ጆሮ ነው በነዚያ ሦስት ዓመታት የደከመው። አምፕሊፋየሯ ገበያ ላይ ነበረች፤ ገንዘቡም ኪሴ ውስጥ ነበር። የጎደለው ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሺህ ዋት ብቻ ነው።

«አዎ እማዬ፣ አሁን ይመጣል» አልኳትና ትንሽ ጨመርኩላት።