ኢሪስና የማርያም መቀነት

በደብረ ኤልያስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ሲል፣ ገበሬው በሰማይ የተዘረጋውን ኅብረ ቀለም የማርያም መቀነት ይለዋል። የቅኔው ተማሪ ግን ቀስተ ደመና ብሎ የኖኅን ኪዳን ያስባል። ጥንታውያን ግሪኮች ደግሞ በሴት አምላክ መስለው ኢሪስ ብለውታል።

ኢሪስ ከታላላቆቹ አማልክት ወገን አይደለችም። ሄሲዮድ እንደሚለው የታውማስና የኤሌክትራ ልጅ ስትሆን፣ ሥራዋ መልእክት ማድረስና አማልክት የሚምሉበትን የስቲክስን ውሃ በወርቅ ማንቆርቆሪያ ማምጣት ነው። ሆሜር በኢልያድ 23ኛ ክፍል ስለ እርስዋ የሚተርከው ግን ለኢትዮጵያ አንባቢ የተለየ ጣዕም አለው። አኪሌስ የወዳጁን የፓትሮክሎስን አስከሬን ለማቃጠል የደመረው እንጨት እሳት አልይዝ ቢለው ነፋሳትን ይለምናል። ኢሪስ ልመናውን ይዛ ስትደርስ ነፋሳቱ በማዕድ ላይ ናቸው፤ ሁሉም ብድግ ብለው እያንዳንዱ ከጎኔ ተቀመጪ ይላታል። እርስዋ ግን አልተቀመጠችም፤ በውቅያኖስ ዳር ኢትዮጵያውያን ለአማልክት መሥዋዕት እያቀረቡ ስለ ነበር፣ ድርሻዋ እንዳይቀርባት ወደዚያው ቸኮለች።

ይህን ይዞ ኢሪስን እስከ ግሽ ዓባይ ማድረስ የሚያጓጓ ቢሆንም ስሕተት ነው። የሆሜር ኢትዮጵያውያን እኩሌቶቹ በፀሐይ መውጫ፣ እኩሌቶቹ በመግቢያዋ፣ በዓለም ዳርቻ የሚኖሩ ናቸው። የግሪክ አማልክት ስም ወደዚህ አገር በእርግጥ የገባው በአክሱም ዘመን ነው። በአዱሊስ የድንጋይ ጽሑፍ ዜውስ፣ አሬስና ፖሲዶን ይጠራሉ፤ ኢዛናም ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በግሪክኛ ባስቀረጸው ጽሑፍ ማሕረምን አሬስ ብሎታል። ኢሪስ ግን በእነዚህ ውስጥ የለችም።

በመጽሐፍ ቅዱስ በኩልም ስሟ ሊገባ አልቻለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኦሪትን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንት በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ኢሪስ ማለት ሲቻላቸው፣ ዕብራይስጡን ተከትለው ቶክሶን፣ ማለት የጦር ቀስት፣ አሉ። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን ከዚሁ ከግሪክኛው ስለ ተተረጐመ ቀስቱ ቀስት ሆኖ ቀረ። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 4 ግን የግሪክኛው ቃል ራሱ ኢሪስ ነው፤ በግሪኮች ቋንቋ የአምላኳ ስም የቀስተ ደመናም ተራ መጠሪያ ነበርና። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ ይህንንም ቀስተ ደመና ብሎ ፈታው፤ የደብረ ኤልያስ ተማሪም ስሟን ሳያይ ያልፍበታል።

የገበሬው የማርያም መቀነት በኦሪትም በራእይም አይገኝም።