ከዶሮ ቤት የተጀመረ ፍቅር

የልዑል ዓለማየሁን የልጅነት ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ከልጁ ፊት አያልፍም ነበር። ከካሜራው ጀርባ ማን ቆሞ እንደ ነበር የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። ስጠይቅ ያገኘሁት ታሪክ፣ ሰው ለአንድ ጥበብ የሚሆን ፍቅር ሳያስበው እንዴት እንደሚያገኝ የሚያስረዳ ሆነብኝ።

ፎቶግራፍ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1815 በሕንድ፣ ካልካታ ተወለደች። ልጆች ወልዳና አሳድጋ 48 ዓመት እስኪሆናት ድረስ የራሷ ካሜራ አልነበራትም። በ1863 መጨረሻ ባሏ ወደ ሴሎን፣ ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ ተጉዞ ነበርና፣ ዋይት በተባለችው የእንግሊዝ ደሴት ብቻዋን ለቀረችው እናት ሴት ልጇና አማቿ ብቸኝነቷን እንድትረሳበት ካሜራ ሰጧት። እርሷም ዶሮዎቿን አስወጥታ ቤታቸውን የፎቶግራፍ ማንሻ፣ የከሰል ማስቀመጫውን ደግሞ የፎቶግራፍ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል አደረገችው።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ ኬሚካል ተቀብቶ እንደ ረጠበ ይነሳበታል፤ ሳይደርቅም ይታጠባል። ካሜሮን የመጀመሪያ ሥራዋን፣ የአንድ ገበሬ ምስል፣ በእጇ አሽታ አጠፋችው። በጃንዋሪ 1864 ግን አኒ የምትባል ትንሽ ልጅ አንስታ ተሳካላት። ከደስታዋ ብዛት ለልጅቱ የምትሰጠውን ስጦታ ፍለጋ ቤቱን ሁሉ እንደ ዞረች በኋላ ራሷ ጽፋለች።

ምስሎቿ ደብዘዝ ያሉ ነበሩ። የሙያው ሰዎች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው ነቀፏት። እርሷ ግን ሌንሱን ስታስተካክል፣ ለዓይኗ ውብ ሆኖ በታያት ቦታ ላይ ታቆም ነበር እንጂ ሌሎች እስከሚሹት ጥራት ድረስ አትገፋውም። ስሕተት የተባለው ነገር የእጇ መለያ ሆነ።

በ1868 በዚያችው ደሴት አንድ እንግዳ ልጅ ደረሰ። አባቱን አፄ ቴዎድሮስን በመቅደላ፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን ደግሞ በስደቱ መንገድ ላይ ያጣ የ7 ዓመት ልጅ ነው። ያመጣው ካፒቴን ስፒዲ የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን ነበር። በጁላይ ወር ካሜሮን ልጁን ከካሜራዋ ፊት አስቀመጠችው።

ፎቶግራፉን ዛሬ ስመለከት ሁለት ብቸኞች ይታዩኛል። እርሷን ብቸኝነቷ ወደ ካሜራው መራት፤ እርሱንም ብቸኝነቱ ከካሜራው ፊት አደረሰው። የእርሷ ብቸኝነት መድኃኒት አገኘ፤ የእርሱ ግን አላገኘም። ቢሆንም፣ ፊትን ማሳመር ሳይሆን ማየት የተማረች ዓይን ባትሆን ኖሮ፣ ያ ሐዘን እስከ እኛ ባልደረሰ ነበር እላለሁ።

ሁለቱም ያረፉት በአንድ ዓመት፣ በ1879 ነው። እርሷ በጃንዋሪ በሴሎን፣ 63 ዓመቷ ነበር፤ እርሱ በኖቬምበር በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ፣ ገና በ18 ዓመቱ። አፅሙ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅጽር ውስጥ ነው።