ሊፈርስ በተፈረደበት ሰፈር ማስተማር

አሌክሳንድራ ከጆሃንስበርግ መሀል በስተሰሜን፣ ከባለጸጋዋ ሳንድተን አጠገብ ያለች ጠባብ ሰፈር ናት። በ1912 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር ጥቁሮች በስማቸው መሬት ሊገዙ ከሚችሉባቸው ጥቂት የከተማ ቦታዎች አንዷ ነበረች።

በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ የሚስዮን ትምህርት ቤቶችን ወደ መንግሥት እጅ አዞረ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የሥርዓተ ትምህርቱ ክፋት ነው፤ የበጀቱ ቀመር ያደረሰው ጉዳት ግን ከዚያ አያንስም። ከመንግሥት ካዝና በዓመት የሚመደበው 6.5 ሚሊዮን ፓውንድ ላይ ተገደበ፤ ቀሪው ጥቁሮች ራሳቸው ከሚከፍሉት ግብር ይምጣ ተባለ። እስከ 1970 የተማሪው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሲያድግ ገንዘቡ አብሮ አላደገም። ትናንሾቹ በፈረቃ፣ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ተማሩ። (ፈረቃን የአዲስ አበባ አንባቢም ያውቀዋል።)

በሚያዝያ 1955 የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ የትምህርት አድማ ሲጠራ አሌክሳንድራም አደመች። ያልተመዘገበ ትምህርት ቤት መክፈት ወንጀል ስለነበር፣ አድማው በተካሄደባቸው ሰፈሮች «የባህል ክበብ» የሚባሉ ተቋቋሙ፤ ያለ ሰሌዳና ያለ መጽሐፍ፣ በዘፈን፣ በተረትና በጨዋታ ያስተምሩ ነበር። ብልሃቱ ድንቅ ነው። ግን ደመወዝ የሚከፍል አልነበረም፣ ፖሊስም አላስቀመጣቸው፤ ክበቦቹ ቀስ በቀስ ከሰሙ።

ከዚያ የባሰው መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ቤተሰቦችን ከአሌክሳንድራ አስወጥቶ ቦታውን የላጤ ሠራተኞች ማደሪያ ሊያደርገው ወሰነ። ነገ ለሚፈርስ ሰፈር ማን ክፍል ይጨምራል? ውሳኔው የተሻረው በ1979 ነው፤ አንድ ሙሉ ትውልድ በዚህ መሀል ተማረ፣ ወይም ሳይማር ቀረ።

በ1960 እዚያ የተወለደው ማርክ ማታባኔ የሕይወት ታሪኩን በ1986 አሳትሟል። በመጽሐፉ ውስጥ እናቱ እሱን ለማስመዝገብ የልደት ወረቀት ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ትንከራተታለች፤ አባቱ ትምህርቱን አይፈልግም። ከገባ በኋላም የመጽሐፍና የደንብ ልብስ ገንዘብ ባለማምጣቱ ይገረፋል። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ጉብዝናው ግን በየዓመቱ በእናቱ ጉልበት መታደስ ነበረበት።

ከ1994 ወዲህ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ትምህርት ቤቶችና የምሳ ፕሮግራም መጥተዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በ1996 የወጣው የትምህርት ቤቶች ሕግ ወላጆች ከተስማሙ ክፍያ ማስከፈልን ፈቅዷል። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ፣ በሳንድተን፣ የወላጅ ኮሚቴ በራሱ ገንዘብ ተጨማሪ የሂሳብ መምህር ይቀጥራል። በአሌክሳንድራ በኩል ግን ጥሩ መምህር ሲለቅ፣ ተተኪው እስኪመደብ ይጠበቃል።