ተከትሎ የመጣ ሁሉ ከእርሱ አልመጣም



በቤታችሁ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ካለ «አፕቲቲዩድ» ስለሚባለው የማመዛዘን ፈተና መስማታችሁ አይቀርም። ለእንዲህ ዓይነቱ ፈተና ከሚጠቅሙት መለማመጃዎች አንዱ፣ አንድን ክርክር አቅርቦ «ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ነው። ለምሳሌ ያህል፦ በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ተከፈተ፤ በተከፈተ በዓመቱ በወረዳው የተመዘገቡት ሕሙማን ቁጥር በእጥፍ ጨመረ፤ ስለዚህ በሽታውን ያመጣው ጤና ጣቢያው ነው። ልጁ ይህን ሲያነብ ይስቃል። ሕሙማኑ ድሮም ነበሩ፤ ያልነበረው የሚመዘግባቸው ነው ብሎ ትክክለኛውን መልስ ያከብባል።

በዚያው ምሽት በዚያው ቤት ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ይነሣል። «ያች ሙሽራ ከገባች ወዲህ የእነ እገሌ ቤት ሰላም አጣ። አማቷ ታመሙ፣ ላሚቱ ሞተች፣ ሱቁም ከሰረ። ገደ ቢስ ናት!» ይባላል። አሁን የሚስቅ የለም። የጤና ጣቢያውን ጥያቄ የመለሰው ልጅ ሳይቀር ራሱን ይነቀንቃል። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ክርክሮች አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የቀረ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን በአንዲት የሰው ልጅ ላይ የተፈረደ ፍርድ መሆኑ ነው። ይህ ስሕተት በእስልምና ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደተጋለጠ አብረን እንመልከት።

በመዲና ፀሐይ የጠቆረችበት ቀን

ዘመኑ 10ኛው ዓመተ ሒጅራ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከግብፃዊቷ ማሪያ (ረ.ዐ) የወለዱት ኢብራሂም ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። ሕፃኑን ታጠባው የነበረችው ሴት ባለቤት አቡ ሰይፍ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነው። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸውን ለማየት ሲሄዱ ቤቱ በወናፉ ጢስ ይሞላ ነበር፤ እርሳቸውም ገብተው ልጁን ያቅፉትና ይስሙት ነበር። ኢብራሂም ነፍሱ ስትወጣም አባቱ አጠገቡ ነበሩ። ዓይናቸው አነባ፣ ልባቸው አዘነ፤ ጌታቸውን ከሚያስደስት ቃል በስተቀር ግን ከአፋቸው አልወጣም።

ሕፃኑ በሞተበት ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ዛሬ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ወደኋላ አስልተው ይህ ግርዶሽ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 27 ቀን 632 እንደነበረ ይናገራሉ። የመዲና ሰዎች ሰማዩ ሲጨልም አይተው «ፀሐይ የጠቆረችው ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ።

አንባቢ ሆይ! እስቲ ለአፍታ ራስህን በዚያ ቦታ አስቀምጥ። እኚህ አባት ቀደም ሲል ወንዶች ልጆቻቸውን በሕፃንነታቸው ቀብረዋል። የመካ ጠላቶቻቸው «ዘሩ የተቆረጠ» እያሉ ተሳልቀውባቸዋል። አሁን ደግሞ ሰማይ ራሱ ከእርሳቸው ጋር አዘነ ይባላል። ዝም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ሕዝቡ የበለጠ ይደነቃል፣ ጠላትም ያፍራል። እርሳቸው ግን ዝም አላሉም። ሶላቱን አሰግደው ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መካከል ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሰው ሞትም ሆነ ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ ገለጹ። ግርዶሽ ሲታይ የሚገባው ሶላትና ዱዓ መሆኑንም አስተማሩ።

ሕዝቡ የተሳሳተው በምኑ ላይ ነው? ሁለቱ ነገሮች በእርግጥ ተከስተዋል፤ ሕፃኑ ሞቷል፣ ፀሐይም ተጋርዳለች። ቀኑም አንድ ነው። የተሳሳቱት «በዚያው ቀን» የሚለውን «በዚያ ምክንያት» ወደሚል በመለወጣቸው ነው። ከዚህ ላይ የምናገኘው ትልቅ ትምህርት ደግሞ ይህ ነው፦ በጣም የሚያታልለን ስሕተት የምንወደው ስሕተት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያፈረሱት በእርሳቸው ላይ የቀረበ ክስ አልነበረም፤ እርሳቸውን ከፍ የሚያደርግ ወሬ ነበር።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። የታሪክ ጸሐፊው አል-ዋቂዲ ኢብራሂም የሞተው በወሩ በ10ኛው ቀን ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ኢብኑ ተይሚያ (1263–1328 እ.ኤ.አ) ይህ ስሕተት መሆኑን አመለከቱ። ምክንያቱም አላህ በዘረጋው ሥርዓት ፀሐይ የምትጋረደው ጨረቃ በምትሰወርበት በጨረቃ ወር መጨረሻ ላይ እንጂ በወሩ መካከል አይደለም። የዛሬው ስሌትም ቀኑን በሸዋል ወር መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል። የሐሰተኛውን ምክንያት ትቶ እውነተኛውን ማወቅ የታሪክን መዝገብ ሳይቀር እንደሚያቃና ተመልከቱ።

ሸዋልና ሙሽራዋ

ሸዋልን ካነሣን አይቀር፣ በመሃይምነት ዘመን ዓረቦች በዚህ ወር መዳርን እንደ መጥፎ ገድ ይቆጥሩት ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይህን ያፈረሰችው በራሷ ሕይወት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያጯትም፣ ወደ ቤታቸው ያስገቧትም በሸዋል እንደነበረ ተናግራ፣ ከሚስቶቻቸው መካከል ከእርሷ የበለጠ የታደለች ማን እንደነበረች ጠየቀች። የቤተሰቧን ሴቶች በሸዋል መዳርም ትወድ ነበር። «ሸዋል ትዳርን ያበላሻል» የሚል ሰው ሸዋል ኖሮ ትዳሩ ያማረበትን ሲያይ ምን ይመልሳል? ምክንያት የተባለው ነገር እያለ ውጤቱ ከሌለ ክርክሩ ይወድቃል።

የወይን ጠጅ ሽታ

የኡሱል አል-ፊቅህ ዑለማዎች ይህን መንገድ ወደ ጥልቅ ዕውቀት አሳድገውታል። የአንድን ሕግ ምክንያት፣ «ዒላ» የሚሉትን፣ ለማግኘት ተጨንቀዋል። የወይን ጠጅ ለምን ሐራም ሆነ? ቀይ ስለሆነ ነው? ፈሳሽ ስለሆነ ነው? ከወይን ስለተጨመቀ ነው? ወይስ ስለሚያሰክር? ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ከዘረዘሩ በኋላ የማይሆኑትን አንድ በአንድ ይጥላሉ። ቀይና ፈሳሽ ሆኖ ሐላል የሆነ መጠጥ ሞልቷል፤ የወይን ጭማቂም ሐላል ነው። በመጨረሻ ማስከሩ ብቻ ይቀራል። ይህን ዘዴ «ሰብር ወተቅሲም» ይሉታል።

ሌላም ዘዴ ነበራቸው፤ «ደወራን» ይባላል። ጭማቂው ሲያሰክር ሐራም ይሆናል፤ ኮምጣጤ ሆኖ ማስከሩ ሲጠፋ ሐራምነቱም ይጠፋል። እንግዲህ ሁለቱ አብረው መጥተው አብረው ስለሄዱ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው? አል-ገዛሊ (በ1111 እ.ኤ.አ የሞቱት) በኡሱል መጽሐፋቸው በ«አል-ሙስተስፋ» ላይ ቆም በሉ ይላሉ። የጠጁ ልዩ ሽታም እኮ ከሐራምነቱ ጋር አብሮ ይመጣል፣ አብሮም ይሄዳል፤ ሆኖም ግን ሽታው ምክንያት አይደለም። ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ጎን ለጎን ቢገኙ እንኳ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ዛሬ የፈተና አዘጋጆች ተማሪውን የሚፈትኑበት ወጥመድ በመድረሳችን ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት እንዲህ ተብራርቶ ነበር።

የአር-ራዚ ሕሙማን

ሐኪሙ አቡ በክር አር-ራዚ (በ925 እ.ኤ.አ ገደማ የሞቱት) ደግሞ ጥያቄውን ወደ ሕሙማን አልጋ ወሰዱት። በዘመናቸው ሐኪሞች «ሲርሳም» ለሚሉት፣ እኛ ማጅራት ገትር ከምንለው ጋር ለሚቀራረበው በሽታ፣ ደም ሥር በጥተው ደም ያፈስሱ ነበር። ደሙ የፈሰሰለት ሰው ሲድን «ያዳነው ይህ ነው» ይባላል። ነገር ግን ሳይፈስስለትስ ይድን ቢሆን? አር-ራዚ በ«አል-ሓዊ» ላይ እንደተመዘገበው፣ ምልክቱ የታየባቸውን ከፊሎቹን ደም በማፍሰስ አክመው ሌሎቹን ሆን ብለው ተዉ፤ ይህን ያደረጉትም እውነቱን ለመለየት ነበር። በዛሬ ዕውቀት ደም ማፍሰስ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም። ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነበር። ያልታከመውን ሳናይ የታከመውን ብቻ አይተን መፍረድ አንችልም።

ስሕተቱ ሰው ሲገድል

እ.ኤ.አ ከ1347 ጀምሮ ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን አጠፋ። ሰዉ ምክንያት ፈለገ፤ ያገኘውም ጎረቤቱን ነበር። «አይሁዶች የውኃ ጉድጓዶችን መርዘዋል» ተባለ። በስትራስቡርግ ከተማ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1349 ብዙ መቶ አይሁዶች በእሳት ተቃጠሉ። የሚያሳዝነው፣ ወረርሽኙ ገና ከተማዋ አልደረሰም ነበር። የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 6ኛ አስቀድመው በ1348 ክሱን ተቃውመው ነበር፤ መቅሠፍቱ አይሁዶችንም ይገድላል፣ አይሁዶች በሌሉባቸው አገሮችም ገብቷል ብለው። ትክክለኛ መልስ ነበር፤ የሰማው ግን ጥቂት ነው።

በዚያው መቅሠፍት ዘመን በግራናዳ ሊሳኑዲን ኢብኑል ኸጢብ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ከበሽተኛው ጋር የተቀራረበ ይታመማል፣ የራቀ ይተርፋል፤ በሽታው በልብስና በዕቃ ይተላለፋል፣ ከታመመ አገር በመጣ መርከብም ወደብ ይገባል አሉ። እርሳቸው የፈለጉት የበሽታውን መንገድ እንጂ የሚሰቀል ሰው አልነበረም።

ቅዱስ ቁርአን በሱረቱል አዕራፍ ስለ ፊርዐውን ሰዎች የሚነግረን ይህንኑ ጠባይ ነው። መልካም ሲመጣላቸው የሚገባን ነው ይላሉ፤ ክፉ ሲነካቸው ግን ገዱን በሙሳና አብረውት ባሉት ላይ ያላክካሉ። በጎውን ለራስ፣ ክፉውን ለሌላ!

ወደ ቤታችን እንመለስ

በአገራችንም ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው «ቡዳ» እየተባሉ ስንት ዘመን ተገለሉ! ሕፃን በታመመ ቁጥር «ማን አየው?» ተብሎ ጣት ወደ ጠይቡ ቤት ይቀሰራል። ዐይን እውነት መሆኑን ሐዲስ ያስተምረናል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ዐይን እውነት ነው ማለት እገሌ በሙያው ምክንያት ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ያደገው በብረት ቀጥቃጭ ቤት፣ በወናፍ ጢስ መካከል እንደነበረ አትርሱ። ያ ሕፃን ሲሞት በዘገባው ውስጥ በአቡ ሰይፍ ላይም ሆነ በሚስቱ ላይ የተወረወረ አንዲት ቃል የለችም። ሰማዩም አልተከሰሰ፣ ቀጥቃጩም አልተከሰሰ።

ይህን ስንል ምክንያት የሚባል ነገር የለም ማለታችን አይደለም። አላህ ለነገሮች ሰበብ አድርጓል፤ እንድንመረምረውም አእምሮ ሰጥቶናል። ስለዚህ በቤታችሁ «ከዚያ ወዲህ ነው» የሚል ወሬ ሲነሣ ልጆቻችሁ እየሰሙ ጠይቁ። ነገሩ ከዚያ በፊት አልነበረም ወይ? ምክንያት የተባለው በሌለበትስ አይከሰትም ወይ? ምክንያት የተባለው እያለ ያልተከሰተበት ጊዜስ የለም ወይ? ሁለቱንም ያመጣ ሦስተኛ ነገር ይኖር ይሆን? በመጨረሻም፣ ይህን ወሬ ያመንነው ማስረጃ ስላለው ነው ወይስ ስለተመቸን?

የሙሽራዋን ጉዳይ በእነዚህ ጥያቄዎች መዝኑት። አማቷ ከሠርጉ በፊት አልታመሙም ነበር? በዚያ ዓመት ላም የሞተበት ሌላ ቤት የለም? የከሰረ ነጋዴ ሁሉ አዲስ ሙሽራ አስገብቶ ነበር? መልሱን ከራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ሱረቱል ሑጁራት ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ሲያዝዘን ከፊሉ ጥርጣሬ ኃጢአት መሆኑን አስጠንቅቆናል። በፈተና ወረቀት ላይ የተሳሳተ ልጅ አንድ ነጥብ ያጣል። በሰው ላይ የተሳሳተ ግን የተበዳይን ሐቅ ተሸክሞ ጌታው ፊት ይቀርባል።

አላህ እውነቱን እውነት አድርጎ የምናይበትን ልብ፣ ባላወቅነውም ላይ ዝም የምንልበትን ምላስ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።