ብቅል፣ መፍላትና ብርዝ፤ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የጠላ ጠመቃ ቃላት ታሪክ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ ላይ የተሠማራ ሰው ስለ ቢራ አጠማመቅ የተጻፈ የውጭ አገር መጽሐፍ ቢደርሰውና «ለቢራው ጥንካሬና ውፍረት የሚስማማውን ብቅልና ሊፈላ የሚችለውን ስኳር ስለ መምረጥ» የሚል ምዕራፍ ቢያጋጥመው፣ በመጀመሪያ ሲያየው ሥራው የቀለለ ይመስለዋል። ጥንካሬ፣ ውፍረት፣ ብቅል፣ መፍላት፣ ስኳር፤ ሁሉም በየቤቱ የሚነገሩ ቃላት ናቸው። ወደ ምዕራፉ ውስጥ ዘልቆ ሲገባ ግን ከአምስቱ አራቱ ይከዱታል፤ ብቅል ብቻ ይጸናለታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃላቱ ተርጓሚውን የሚከዱት አማርኛ ስለ ደኸየ ሳይሆን፣ አንድ በአንድ ከማኅበራቸው ተነጥለው ስለሚወሰዱ መሆኑን ማሳየት ነው። ማኅበራቸውም የጠላ ጋን ነው።

ለማስረጃ የመረጥነው የሰሜን ሸዋን ደጋ ነው። መንዝ፣ ይኸውም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር፣ ከግሼ ደጋ ጋር የገብስ አገር ነው። መሐል ሜዳን በመሰለ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ ገብስ ለእንጀራውም፣ ለቆሎውም፣ ለበሶውም፣ ለጠላውም አንድ ነው። ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆዎች የሚያዘቀዝቀው መርሐቤቴ ግን ጤፍና ማሽላም ስለሚያበቅል፣ እህሉ እንደ ልብ ይለዋወጣል። ይሁን እንጂ እህሉ ቢለወጥም የሥራው ቃላት በአብዛኛው አይለወጡም። ቃላቱ የእህሉ ሳይሆኑ የአሠራሩ ደረጃዎች ስሞች ናቸውና።

እማወራዋ በመጀመሪያ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ ጭስ ታጥናለች። የተወቀጠ ጌሾ ከጥቂት ብቅል ጋር በውሃ ስትዘፈዝፍ ጠነሰሰች ይባላል፤ የተዘፈዘፈውም ጥንስስ ነው። (ሤራም የሚጠነሰሰው በዚሁ ግስ ነው፤ ሁለቱም ተከድነው ስለሚውሉ ይመስለኛል።) ከቀናት በኋላ ወፍራም ቂጣ ጋግራ ትቈርስበታለች፤ ቀሪውን ብቅል ትጨምራለች። ለዚሁ የተዘጋጀው ገብስ ታምሶ አሻሮ ይሆናል፤ አሻሮው ተፈጭቶ፣ በጥቂት ውሃ ርሶ በምጣድ ላይ እየተማሰለ ሲበስል እንኩሮ ይባላል። እንኩሮው ከጥንስሱ ጋር ተደባልቆ ሲወፍር ድፍድፍ ነው። ድፍድፉ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ውሃ ይሞላበታል፤ ፈልቶ ሲጠል ጠላ ይሆናል። ሳይጠል የተቀዳው ጉሽ፣ ዋናው ካለቀ በኋላ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቅራሪ፣ በመጨረሻ የሚቀረው አተላ ነው። የሥራው ተራ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስሞቹ ግን ይጸናሉ።

በእነዚህ ቃላት ውስጥ አንድ ሥርዓት አለ። በእሳት የሚደረገው ሥራ ሁሉ የየራሱ ግስ አለው፤ አመሰ፣ ቈላ፣ ጋገረ፣ አማሰለ። በጋን ውስጥ ለሚሆነው ደግሞ ሌሎች ግሶች አሉ፤ ጠነሰሰ፣ ደፈደፈ፣ ፈላ፣ ጠለለ። እህሉ በእሳት ያልፋል፤ መጠጡ ግን በእሳት ላይ አይጣድም። ሥራውን በሙሉ የሚያጠቃልለው ግስ ጠመቀ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በግእዝ ትርጓሜው በውሃ መንከር፣ መድፈቅ ነው፤ ጥምቀትም ከዚሁ ይወጣል። ጠላ ይጠመቃል፤ ጠጅ ይጣላል፤ አረቄ ይወጣል። ሦስቱንም በአንድ ግስ የሚተረጉም ሰው የሰውን ሙያ አንድ ሦስተኛ ብቻ ያውቃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስኳሩ እንምጣ። ገብስ በውሃ ተነክሮ፣ ተሸፍኖ ጥቂት ቀን ሲሰነብት ያቈጠቍጣል፤ ከዚያ ደርቆ ይፈጫል። አማርኛ ይህን ነገር ከመብቀሉ ተነሥቶ ብቅል ብሎታል፤ ቡቃያና በቆልት ወንድሞቹ ናቸው። የጀርመን ወገን ቋንቋዎች ግን «ማልት» ሲሉ ከመለስለስና ከመሟሟት ተነሥተዋል። አንዱ የእህሉን ሕይወት፣ ሌላው የፍሬውን መላላት አይቷል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ፍሬው ሲበቅል አሚሌዝ የተባሉት ስታርችን የሚቈራርጡ ነገሮች ይበዙበታል። ፈረንሳውያኑ ፓየንና ፔርሶ እ.ኤ.አ. በ1833 ከብቅል ለይተው ያወጡትና ዳያስቴዝ ያሉት ይህንኑ ኃይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ኦሱሊቫን መኖሩን ያረጋገጠው፣ ማልቶዝ የሚባለው ስኳርም ቃል በቃል የብቅል ስኳር ማለት ነው። እንግዲህ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ባዕድ የምናየው ማልቶዝ ከመንዝ ጋን ውስጥ ያለ ነገር ስም ነው።

ታዲያ እማወራዋ ይህን ስኳር ለምን ስም አላወጣችለትም? መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። በቢራ ፋብሪካ ብቅሉ በሙቅ ውሃ፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ተይዞ ስታርቹ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስኳር ይሆናል፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ተጠልሎ ይወጣል፤ ከዚያ ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ እርሾ ይገባበታል። ስኳሩ ለብቻው የሚታይበት፣ የሚቀመስበት፣ የሚለካበት ጊዜ አለ። በጋኑ ውስጥ ግን ሁለቱ ሥራዎች በአንድነት ይካሄዳሉ። ቂጣውና እንኩሮው በእሳት ስለ በሰሉ ስታርቻቸው ተከፍቷል፤ ነገር ግን የራሳቸው አሚሌዝ በዚያው እሳት ሞቷል። ሳይበስል የገባው ብቅል ስታርቹን ቀስ በቀስ ይቈራርጣል፤ እርሾውም የተገኘውን ስኳር ወዲያውኑ ይበላዋል። ስኳሩ ሳይጠራቀም ያልፋል። ለብቻው ቆሞ ያልታየ ነገር ስም አለማግኘቱ የቋንቋ ጉድለት አይደለም፤ ትክክለኛ ምስክርነት ነው።

ቃላቱ ከጋን ወደ ፋብሪካ የተጓዙበት ታሪክ ያልተስተካከለ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በአዲስ አበባ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም የመጠጡ ስም ከውጭ ገባ፤ ቢራ የጠላ ወንድም ሆኖ ሳለ ጠላ አልተባለም። ገብሱን በተመለከተ ግን ዓለም ወደ እኛ መጣ፤ አሜሪካዊው ሃርላን እ.ኤ.አ. በ1923፣ ሩሲያዊው ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 የኢትዮጵያን የገብስ ዝርያዎች ሰበሰቡ። ቫቪሎቭም አገራችንን ከታላላቅ የገብስ ልዩ ልዩነት ማእከሎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። በ1976 ዓ.ም. በአርሲ ፋብሪካ ሲቋቋም የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ተባለ፤ የእማወራዋ ቃል በትልቅ ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። የግብርና ባለሙያዎችም «የብቅል ገብስ» የሚለውን አስለመዱ። በ2007 ዓ.ም. ሐበሻ ቢራ በደብረ ብርሃን ሥራ ሲጀምር ፋብሪካው ለመንዝ ገብስ ጎረቤት ሆነ። ብቅል እንዲህ ሲከብር ጥንስስ፣ እንኩሮና ድፍድፍ ግን ቤት ቀሩ፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ለእነዚህ ደረጃዎች የውጭ ቃል ይጠቀማል።

መዝገበ ቃላቶቻችንም በዚህ ረገድ ሊረዱን የሚችሉት በከፊል ነው። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተሙት ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ቃል በፊደል ተራ ሲቀመጥ፣ በሀለሐም ሆነ በአበገደ፣ ብቅል በአንድ ዳር፣ ጥንስስ በሌላ ዳር፣ ድፍድፍ በሦስተኛው ይወድቃል። አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚወስነው ገጹ አያሳይም። የስያሜ ኮሚቴም የቃላት ዝርዝር በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ሲቀርብለት ያው ነው የሚደርስበት።

ከዚህ የተነሣ የሚፈጠረው ችግር በፈላ ላይ ጎልቶ ይታያል። ውሃ በእሳት ይፈላል፤ ጠላም በጋን ይፈላል። ስለዚህ «ሊፈላ የሚችል ስኳር» የሚለው ሐረግ ላላወቀ ሰው በድስት የሚንተከተክ ሽሮፕ ነው። አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ፈላን ትተው ቦካን ይመርጣሉ፤ ቦካ ግን የሊጥ ነው፤ ቦክቶ የሚጠጣ ነገር ለአማርኛ ጆሮ ይከብዳል። ሌሎች ተብላላን ያመጣሉ፤ እርሱም ወደ ሆድና ወደ ብስባሽ ይጎትታል። እኔ ፈላን ለመጣል ምክንያት አይታየኝም። የላቲኑ «ፌርሜንቱም» ራሱ «ፌርቬሬ»፣ መፍላት፣ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ እነርሱም እንደ እኛ አረፋውን አይተው ነው የሰየሙት። አሻሚነቱ በጋኑ ዙሪያ አልነበረም፤ ጠላ በእሳት ላይ ስለማይጣድ ፈላ ሲባል ትርጕሙ አንድ ብቻ ነበር። አሻሚነቱን ያመጣው ፈሳሹ የሚቀቀልበት የፋብሪካ አሠራር ነው። እንግዲያው በጠመቃ ጽሑፍ ውስጥ ለእሳቱ ሥራ ቀቀለን ወይም አንተከተከን መመደብ፣ ፈላን ለእርሾው መተው ይበቃል።

ጥንካሬና ውፍረት ከዚህ ይረቃሉ። በደጋው አነጋገር ጠላ ጠንካራ ነው ሲባል የሚያሰክር ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጌሾው የመረረ ማለትም ሊሆን ይችላል። ወፍራም ሲባልም ጉሽ፣ ማለት ያልጠለለ፣ ወይም ውሃ ያልበዛበት ማለት ነው። የሙያው መጽሐፍ ግን ውፍረት የሚለው የጠራ መጠጥ እንኳ በአፍ ውስጥ የሚሰጠውን ክብደት ነው። ይህን ክብደት ከሚሰጡት ዋነኞቹ እርሾ የማይበላቸው ዴክስትሪኖች ናቸው፤ ከብቅል ከሚሟሟው ነገር ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሳይፈላ ይቀራል። የሱቅ ስኳር ግን እርሾው ሙሉ በሙሉ ይጨርሰዋል፤ በአንድ ሊትር 17 ግራም ገደማ ሲጨመር የአልኮሉ መጠን በ1 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ ውፍረት ግን አይጨምርም። ስለዚህ ብቅል የሚጨምር ሰው ሁለቱንም ያገኛል፤ ስኳር የሚጨምር ጥንካሬን ብቻ ያገኛል፤ መጠጡ ይቀጥናል፣ ያሰክራል። የምዕራፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ስኳር በከተማ የማር ምትክ ሆኖ ጠጅ ውስጥ ስለ ገባ፣ የከተማ ጠጪ ልዩነቱን በምላሱ ያውቀዋል። ውፍረትን «አካል» ብሎ ቃል በቃል መተርጐም ለዚህ ሁሉ አንዳች አይጨምርም፤ ውፍረት ይበቃል፤ ጉሽነት ከሚለው እስከ ተለየ ድረስ።

የሚቀረው ከሁሉ የከበደው ነው፤ ከብቅል የወጣው፣ እርሾ ያልገባበት ጣፋጭ ፈሳሽ ምን ይባል? ጭማቂ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ምንም አልተጨመቀም። ከላይ እንዳየነው የጠላው ወገን ቃል አይሰጠንም። የጠጁ ወገን ግን ይሰጠናል። ማር ከጅምሩ ስኳር ስለ ሆነ፣ በውሃ ተበጥብጦ ገና ሳይፈላ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ስሙም ብርዝ ነው። አልኮል የማይጠጡ ሰዎች የሚጠጡት ይህንኑ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት በትክክል አንድ ዐይነት ነው፤ ብርዝ ለጠጅ እንደ ሆነ፣ ያ ፈሳሽ ለቢራ ነው። ስለዚህ «የብቅል ብርዝ» እንዲባል ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚነሣው ተቃውሞ አይጠፋኝም፤ በረዘ ማቅጠንና ማበላሸት፣ ንጹሑን ከባዕድ ማደባለቅ ማለትም ነው፤ «የተበረዘ ቋንቋ» የምንለው ለምስጋና አይደለም። ሆኖም በመርሐቤቴም ሆነ በመንዝ ብርዝ ቀርቦለት ተበላሽቷል ብሎ የሚመልስ እንግዳ የለም፤ ስሙ ከግሱ ተለይቶ የራሱን ቦታ ይዟል።