የሠርግ መንገድና የእርምጃ ውድድር በደጋን

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ደጋንና በአካባቢዋ የሠርግ ዝግጅት ታሪክ በአመዛኙ የእግር ጉዞ ታሪክ ነው። መኪና ብርቅ በነበረበት ዘመን የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ልጅቷን ለመጠየቅ ደጋግመው በእግር ይመላለሱ ነበር፤ ቀጠሮ ማራዘም የወጉ አካል ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን እሺታ ማግኘት አይጠበቅም። ጉዳዩ ሲቋጭ ኒካህ፣ ማለትም በምስክሮች ፊት የሚፈጸመው እስላማዊ የጋብቻ ውል፣ ይታሰራል፤ ሙሽራው ለሙሽራይቱ የሚሰጠው ሀብት፣ መህር፣ ይወሰናል። ለጥሎሽና ለድግስ የሚሆነው ደግሞ የደጋውን እህል ከአፋር ጨውና ከብት ጋር ከሚያገናኘው የባቲ የሰኞ ገበያ ይሸመት ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተሠራው ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ጉዞውን ቢያቀልም፣ ከመንገዱ ርቀው ለሚኖሩት ብዙም አልለወጠም።

ይህን ጉዞ ከእርምጃ ውድድር ጋር ማምታታት ግን ስሕተት ነው። በ1900 ዓ.ም. ለንደን ኦሊምፒክ የገባው፣ ለሴቶች በ1984 ዓ.ም. የተፈቀደው ይህ ስፖርት፣ ለዓይን እንደሚታየው አንድ እግር ምንጊዜም መሬት እንዲነካና የፊተኛው እግር መሬት ከረገጠበት ቅጽበት ጀምሮ ሰውነቱ በላዩ እስኪያልፍ ጉልበቱ እንዳይታጠፍ ያስገድዳል፤ አቀበት የለመደ ጉልበት ደግሞ መታጠፍ ይቀናዋል፣ ስለዚህ ጽናቱ ብቻውን አያበቃም። ጋብቻና ስፖርት የሚገናኙት በሌላ በኩል ነው፤ ለሴት ሯጮችና ተራማጆች ከልምምዱ ይልቅ የከበደው በልጅነት መዳር ይመስላል፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይፈቅድ የነበረ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 አሳድጎታል።